የተገዘተው ሞተር

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» ብላችሁ አትቅደሙኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም፣ ያለው ሞተር ነው፣ እሱም አይታለብም። ሳቅ የምትጠብቁ ካላችሁ ብዙ አትጠብቁ። ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው የሚያስቅ ነገር የለውም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አያ ጀምበሩ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግሬደር ሲነዱ፣ የመንገድ አቧራ ሲውጡ ኖረው በስተርጅና ሳንባቸው ደከመ። ከዚያ ወዲህ የሚተነፍሱት አልጋቸው ራስጌ በቆመ መሣሪያ ነው። መሣሪያው በመብራት ይሠራል፤ አየሩን አጣርቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫቸው ይልካል። አጠገቡ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር አለ፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ። ሲሊንደሩ ላይ የቀረውን ልክ የሚያሳይ መርፌ አለ፤ መርፌው ቀዩ ጋ ከደረሰ ሊያልቅ ጥቂት ቀረው ማለት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። «ዛሬ አይሠራም» ተባለ። ልጃቸው አንጓች ቱቦውን ከመሣሪያው ነቅላ ሲሊንደሩ ላይ ሰካችና መርፌውን አየችው። ግማሽ ላይ ነው። «ሆስፒታል አትወስዳቸውም ወይ?» ትሉኛላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። አምቡላንሱ ወላድ ሊያመጣ ገጠር ወርዷል። በባጃጅ እንዳትወስዳቸው ደግሞ ከትራሱ ቀና ሲሉ ራሳቸውን ይስታሉ።

«ምን ላድርግልህ አባዬ?» አለች።

«ትንሽ አየር» አሉ አያ ጀምበሩ። ጠጅ አላሉ፣ ጮማ አላሉ። ትንሽ አየር ብቻ።

አንጓች ወደ መሣሪያው ዞረች። «መሣሪያ ሆይ፣ ላባቴ አየር ስጠው።»

«መብራት ካልሰጡኝ አየር አልሰጥም» አለ መሣሪያው።

ወደ ዕቃ ቤት ሮጠች። እዚያ ጥግ ላይ የመብራት ሞተሩ ሸራ ለብሶ ቁጭ ብሏል። «ሞተር ሆይ፣ ለመሣሪያው መብራት ስጠው።»

«ሆዴ ውስጥ የከረመው ቤንዚን ሙጫ ሆኖብኛል፤ መካኒክ ካላጠበኝ መብራት አልሰጥም» አለ ሞተሩ። አንጓች ክዳኑን ከፍታ ብታሸተው እውነቱን ነው፤ ቤንዚን ቤንዚን ሳይሆን ቀለም ቀለም ይሸታል።

ስለዚህ ሞተር ትንሽ ላውራችሁ፤ መቸኮሉን እንቸኩላለን፣ ግን ሳታውቁት አይሆንም። አያ ጀምበሩ ሲገዙት ጤነኛ ነበሩ፣ ኳስ ወዳድም ነበሩ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሞተር ተነሣላቸው። አንዱ ቀስ ብሎ አጉረመረመ፣ ሌላው መስኮቱን አንቀጠቀጠ። «የሚጮኸውን ስጠኝ፤ ጉልበት ያለው እሱ ነው» አሉ። ጩኸትና ጉልበት አንድ መሰላቸው፤ ስንቱን ሰው ይመስለዋል መሰላችሁ! ጭሱ በየት ይወጣል አላሉም። ከማን ግድግዳ ሥር ይቀመጣል አላሉም። አምጥተው ከጎረቤታቸው ከእትዬ የውብዳር ግድግዳ ሥር ተከሉት። ሞተር ደግሞ እንደ በቅሎ ነው፤ ቆሞ ከከረመ ይለግማል። በየሳምንቱ ትንሽ ማስነሣት፣ ዘይቱን ማየት፣ የማይሠራ ከሆነም ቤንዚኑን ከሆዱ ማፍሰስ ነበረባቸው። ማን አደረገው? ማንም። ሁለት ክረምት ዕቃ ቤት ተዘግቶበት ከረመ። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

እንግዲህ ሞተሩ መብራት አልሰጥም አለ፤ መሣሪያው አየር አልሰጥም አለ፤ አያ ጀምበሩ ትንሽ አየር አሉ፤ የሲሊንደሩ መርፌም ዝቅ አለ።

አንጓች ለመካኒኩ ለቢራራ ደወለች። ቢራራ በሞተር ሳይክሉ እየበረረ መጣ፤ የመፍቻ ሻንጣውን አወረደ፤ ሸራውን ገለጠ። ሸራውን እንደገለጠ እጁን ሰበሰበ።

«አንጓች እህቴ፣ ይሄ ያ የተገዘተው ሞተር አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለች ባንገቷ።

«እኔም ልጆች አሉኝ። በሥላሴ ስም የተገዘተ ነገር ደፍሬ አልነካም። መምሬ ፈንቴ ግዝቱን ይፍቱልኝ፤ ፈቱ ሲባል በዚያው ቅጽበት እገባበታለሁ። ሂጂ፣ ሩጪ፤ እኔ ካባትሽ አጠገብ እቆያለሁ።»

እንግዲህ ቢራራ ሞተሩን አልነካም አለ፤ ሞተሩ መብራት አልሰጥም አለ፤ መሣሪያው አየር አልሰጥም አለ፤ አያ ጀምበሩ ትንሽ አየር አሉ፤ የሲሊንደሩ መርፌም ዝቅ አለ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከሰፈሩ በላይ ነው። አንጓች ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። መምሬ ፈንቴ የአያ ጀምበሩም የእትዬ የውብዳርም የንስሐ አባት ናቸው፤ ሁለቱን ቤት እኩል ያውቃሉ። መስቀል ሊያሳልሟት ሲሉ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አባቴ እየሞተብኝ ነው መምሬ! የሞተሩን ግዝት ይፍቱልኝ።»

መምሬ ፈንቴ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ያንን የገዘተው የቆሰለ ልብ ነው። የውብዳር ያሰሩትን እኔ ከላያቸው ብፈታ፣ ቁስላቸውን ረግጬ መሄዴ ነው። አላደርገውም። እሳቸው ፈታሁ ይበሉ፤ እኔም አሜን እላለሁ። ሂጂ፣ ከኋላሽ አለሁ።»

እንግዲህ መምሬ ፈንቴ ከየውብዳር ቀድሜ አልፈታም አሉ፤ ቢራራ ሞተሩን አልነካም አለ፤ ሞተሩ መብራት አልሰጥም አለ፤ መሣሪያው አየር አልሰጥም አለ፤ አያ ጀምበሩ ትንሽ አየር አሉ፤ የሲሊንደሩ መርፌም ዝቅ አለ።

አንጓች የእትዬ የውብዳርን በር በሁለት እጇ ደበደበች። እትዬ የውብዳር ከፈቱላት። ጥቁራቸውን እስከዛሬ አላወለቁም።

«እትዬ የውብዳር፣ በእግዜር ይሁንብዎ፣ ግዝቱን ይፍቱልን! አባቴ አየር አጣ።»

«አንቺ ልጅ» አሉ እትዬ የውብዳር፣ «ለምን እንደገዘትሁ ታውቂያለሽ?»

አንጓች ታውቃለች። ሰፈሩም ያውቃል። እናንተ ግን አታውቁምና ልንገራችሁ፤ ስነግራችሁ ራሴንም ይከፋኛል። እትዬ የውብዳር ይበልጣል የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ አንድ ብቻ። ሞተባቸው። ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተጣለ። ሰልስቱ እንኳ ሳይወጣ፣ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቶበት ሳለ፣ አያ ጀምበሩ ኳስ ሊያዩ ሞተሩን አስነሡት። ጩኸቱ ግድግዳውን አልፎ ድንኳኑን ሞላው፤ ጭሱም ተከተለ። አስለቃሿ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅዋ አይሰማም። ሰው ተልኮ «ኧረ ተው» ቢባሉ፣ «ጨዋታው ሊያልቅ ነው» አሉ! እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያኔ ነው እትዬ የውብዳር ነጠላቸውን እየጎተቱ ወጥተው፣ «ይህ ሞተር ዳግመኛ ቢጮኽ፣ ያስነሣውንም የነካውንም በሥላሴ ስም ገዝቻለሁ!» ያሉት።

አያ ጀምበሩ ደነገጡ። ሞተሩን አጥፍተው ዕቃ ቤት አስገቡት፤ ሸራ አለበሱት። ሞተሩን ሸራ አለበሱት እንጂ ለሴትዮዋ አንድ ቃል አልተናገሩም። ለቅሶም አልደረሱ። መጀመሪያ ኩራት ያዛቸው፣ በኋላ ሐፍረት። ቀን በቀን ላይ ሲጨመር ደግሞ የጎረቤት በር ይርቃል።

«ልጄን እያለቀስሁ» አሉ እትዬ የውብዳር፣ «የራሴን ድምፅ አልሰማሁትም። ባንቺ ቂም የለኝም፤ ግን ባንቺ አፍ ይቅርታ አልቀበልም፤ በሽማግሌ አፍም አልቀበልም። በራሱ አፍ ይቅርታ ይበለኝ፣ ያኔ እፈታለሁ።»

እንግዲህ እትዬ የውብዳር ይቅርታ ካልሰማሁ ግዝቱን አልፈታም አሉ፤ መምሬ ፈንቴ ከየውብዳር ቀድሜ አልፈታም አሉ፤ ቢራራ ሞተሩን አልነካም አለ፤ ሞተሩ መብራት አልሰጥም አለ፤ መሣሪያው አየር አልሰጥም አለ፤ አያ ጀምበሩ ትንሽ አየር አሉ፤ የሲሊንደሩ መርፌም ዝቅ አለ።

አንጓች ወደ ቤት ገባች፣ አልጋው ሥር ተንበረከከች። «አባዬ፣ ይቅርታ በላቸው! አንድ ቃል ነው፤ ይቅርታ በላቸው!»

አያ ጀምበሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም። ደግመው ሞከሩ፤ ደረታቸው ተነሣ፣ ወደቀ፤ ድምፅ የለም። እንባ በጉንጫቸው ወርዶ ቱቦው ላይ ተንጠባጠበ።

ገባችሁ? ይቅርታም በትንፋሽ ነው የሚወጣው። ትንፋሽ ካለ ይቅርታ አለ፤ ትንፋሽ ግን የለም። ሳንባቸው ሙሉ ሳለ ሳይሉት የቀሩትን ቃል፣ ዛሬ ሊሉት ሲፈልጉ ከየት ያምጡት?

እንግዲህ ይቅርታው ከአያ ጀምበሩ አፍ አልወጣም አለ፤ እትዬ የውብዳር ይቅርታ ካልሰማሁ ግዝቱን አልፈታም አሉ፤ መምሬ ፈንቴ ከየውብዳር ቀድሜ አልፈታም አሉ፤ ቢራራ ሞተሩን አልነካም አለ፤ ሞተሩ መብራት አልሰጥም አለ፤ መሣሪያው አየር አልሰጥም አለ፤ አየር ስለሌለም ይቅርታው አልወጣም አለ። ዞሮ ዞሮ እዚያው። መርፌውም ቀዩን ነካ።

አንጓች ተነሥታ ወጣች። ከእትዬ የውብዳር ደጃፍ ቆማ፣ «እሱ መምጣት አልቻለም፤ እርስዎ ይምጡ» አለች። እትዬ የውብዳር ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሏት። መምሬ ፈንቴም ዳገቱን ወርደው ደረሱ።

እትዬ የውብዳር ገብተው አልተቀመጡም፤ መቃኑን ይዘው ቆሙ። አያ ጀምበሩ አዩአቸው። ሲያዩአቸው ምን አደረጉ መሰላችሁ? ብርድ ልብሱን ገፈፉ። ባገራችን ይቅርታ ተኝቶ አይጠየቅም፤ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ተወድቆ ነው። ድንጋይ ባይኖራቸው የራሳቸውን ሰውነት ተሸክመው ሊወርዱ ነው! አንጓች «አባዬ ተው!» ስትል፣ ቢራራም ሊይዛቸው ሲል፣ እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። ዓይናቸው ዞረ። ከንፈራቸው ግን አላቆመም፤ ይንቀሳቀሳል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይሰማም።

እትዬ የውብዳር ያንን አፍ አዩ። ተከፍቶ ድምፅ የማይወጣውን አፍ። ሁለት ክረምት የያዙት ቁጣ ወዴት እንደሄደ እሳቸውም አላወቁትም። ዘለው ደረሱና አያ ጀምበሩን ሳይወድቁ በዕቅፋቸው ተቀበሏቸው።

«ሰምቻለሁ!» አሉ። «ሰምቻለሁ አያ ጀምበሩ፣ በቃህ፣ ሰምቻለሁ! በሥላሴ ስም ያሰርሁትን በሥላሴ ስም ፈትቻለሁ!»

ምንም አልሰሙም። ሁላችንም እናውቃለን።

እትዬ የውብዳር ግዝቱን ፈቱ፤ መምሬ ፈንቴ አሜን አሉ፤ ቢራራ ሞተሩን ነካ። ከዕቃ ቤት ወደ ሜዳ ተሸክመው አወጡት፤ ጭስ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላልና። አንዱን ጎን ቢራራ፣ አንዱን ጎን መምሬ ፈንቴ በካባቸው ያዙ። ቢራራ የከረመውን ቤንዚን ደፋ፤ ካርቡራተሩን ፈታ፣ አጠበ፤ ካንዴላውን በሸሚዙ ጠረገ፤ የዘይቱን ልክ አየ፤ ከሞተር ሳይክሉ በጎማ ቱቦ ስቦ አዲስ ቤንዚን ጨመረ። ከውስጥ አንጓች «ቢራራ! ቀዩን አለፈ!» ትላለች። ገመዱን ሳበ፤ ዝም። ደግሞ ሳበ፤ ትፍ ትፍ ብሎ ዝም። «በል እንጂ አንተ ልግመኛ!» ብሎ ሙሉ ክንዱን ሰጠው።

ሞተሩ ጮኸ። አንጓች ቱቦውን ከሲሊንደሩ ነቅላ መሣሪያው ላይ መልሳ ሰካችው።

ግዝቱ ተፈታ፣ ቢራራ አጠበ፤ ቢራራ አጠበ፣ ሞተሩ ተነሣ፤ ሞተሩ ተነሣ፣ መብራት መጣ፤ መብራት መጣ፣ መሣሪያው ሠራ፤ መሣሪያው ሠራ፣ አየሩ በቱቦው ሄደ፤ አየሩ ሄደ፣ የአያ ጀምበሩ ደረት ሞላ።

ከንፈራቸው ቀስ እያለ መልኩን አገኘ። ሁሉም ከበው ያዩአቸዋል። በመጀመሪያዋ ሙሉ ትንፋሽ ምን ይበሉበት? ውኃ አምጡ አላሉም። እጃቸውን ለእትዬ የውብዳር ዘርግተው፣

«እግዜር ያጥናሽ» አሉ። «ለይበልጣል… እግዜር ያጥናሽ።»

ለቅሶ ደራሽ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚለውን ቃል ነው። እትዬ የውብዳር አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው «ልጄን!» ብለው አለቀሱ። ቢራራ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ይህንን አየ፤ ደነገጠ፤ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

እትዬ የውብዳር ቀና አሉ። «ተወው» አሉት እያለቀሱ፣ «ይጩኽ። ዛሬስ ሰው እያኖረ ነው።»

እነሆ፣ ሞተሩ ዛሬ ከግቢው ታች፣ ጭሱ ወደ ሜዳው በሚሄድበት፣ ዳስ ተሠርቶለት ተቀምጧል። ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ ያስነሡታል። የረሱ እንደሆነ፣ «አንጓች! ቅዳሜ መሆኑን ረስተሽው ነው?» የሚል ድምፅ ካጥሩ በላይ ይመጣል። ተረቴን መልሱልኝ አልልም፤ ይዛችሁት ግቡ።