አይጥ የጠየቀችው ቅምሻ

ተረት ተረት፤ በሬው ገባ በረት።

ጦጣ ለአንበሳ ሳል መድኃኒት ቀመመችና አይጥን በጅራቷ ይዛ፣ «እስኪ ቅመሺው። ከገደለሽ ለጌታችን ለአንበሳ አልሰጥም» አለቻት።

አይጥ ቁልቁል እንደተንጠለጠለች፣ «እሺ እትዬ ጦጣ። ግን እኛ ሰፈር ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ራሱ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። በእናንተስ ዘንድ እንዴት ነው?» አለች።

ሊያይ የተሰበሰበው አውሬ ሁሉ ሲያያት ጦጣ አፈረችና መዳፏን ሞልታ ጠጣች። ወዲያው ስቅታ ያዛት። ስቅ ባላት ቁጥር ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ሦስት ቀን ሰነበተች። አንበሳ በሳቅ ተንከባለለ፤ ሳሉ ግን አልለቀቀውም።

በአራተኛው ቀን ጦጣ አዲስ መድኃኒት ይዛ መጣች። «አይጤ፣ እኔ ቀምሻለሁ። ከፈቀድሽ አንዲት ጠብታ ብቻ» አለቻት።

«እሺ» አለች አይጥ፤ «ግን እስከ ነገ ልይዎት።»

ተረቴ አበቃ፤ በሬውም ከበረት ወጣ።