በአንድ በር የቆሙ ሁለት ጠባቂዎች

አንድ ጠንቃቃ ሰው የገበሬዎች ማኅበር የዘር ጎተራ ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ስሙ ሽመክት ነው፤ ሰው የሚያውቀው ግን ከስሙ ይልቅ በጥንቃቄው ነበር። በሩን በሁለት ቁልፍ ይቆልፋል። ቆልፎ ጥቂት ከሄደ በኋላም ከመንገድ ይመለስና እጀታውን ይነቀንቃል። ሰማዩ ጠርቶ እያለ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል፤ ያውም ካፖርት ደርቦ። ሰዎች ሲስቁበት «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ይላቸዋል። እኔ በበኩሌ አልስቅበትም። የገበሬ ዘር የሚጠብቅ ሰው ቸልተኛ ከሚሆን እንዲህ ቢሆን ይሻላል።

ገበሬዎቹ እህላቸውን ሲሰበስቡ ምርጡን ለዘር ይለዩና ወደ ጎተራው ያመጣሉ። ዝናብ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን መልሶ ይወስዳል። ሽመክት ታዲያ በጆንያው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጽፍም። «ስም ከተጻፈበት ሌባ የጎበዙን ገበሬ ዘር መርጦ ይሰርቃል» ባይ ነው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መዝገብ ብቻ ነበር። ቅጂ እንዲያስቀምጥ ቢመከርም «ሁለት ቦታ ያለ ነገር ሁለት ቦታ ይሰረቃል» ብሎ እምቢ አለ። ጥንቃቄ ሲበዛ እንዲህ ያለ ፍልስፍና ያመጣል።

ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጸረ ቫይረስ፣ ማለትም መዝገብ የሚጠብቅ ፕሮግራም፣ ተጭኖ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራውን ያለ ኮሽታ ሠርቷል። አንድ ቀን ግን ሽመክት «በሌላ ከተማ ያለ ጎተራ መዝገቡን ቫይረስ በላው» የሚል ወሬ ሰማ። ከዚያ በኋላ ምግብም አልበላ አለው። በማግስቱ ሁለተኛ ጸረ ቫይረስ ገዝቶ ጫነና «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ብሎ እጁን አሻሸ።

ኮምፒውተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ታመመ። በደቂቃ ይከፈት የነበረው መዝገብ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ጀመር። የመጀመሪያው ጠባቂ መዝገቡን ሊፈትሽ ሲነሳ፣ ሁለተኛው «አንተ ደግሞ ምን ልትነካ ነው?» ብሎ እሱን መፈተሽ ይጀምራል። የመጀመሪያውም በተራው ዞሮ ሁለተኛውን ይይዘዋል። ሽመክት የኮምፒውተሩን ማቃሰት እየሰማ «በደንብ እየጠበቁልኝ ነው» እያለ ይጽናና ነበር።

እንዲህ እንዳለ ዝናቡ ገባ። መጀመሪያ የመጡት እማማ አስካለ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚያርሱ አሮጊት ናቸው። ያለፈው ዓመት በረዶ ማሳቸውን መትቶባቸው፣ የተረፈቻቸውን አንዲት ጆንያ ጥቁር ገብስ ለዘር አስቀምጠዋል። ሌላ ዘር የላቸውም።

«ልጄ ሽመክት፣ ዘሬን ስጠኝ። መሬቱ ታርሶ ለስልሷል። በሬዎቹን የተዋስኩት ለሁለት ቀን ብቻ ነው።»

ሽመክት መዝገቡን ሊከፍት ሞከረ። ጠበቀ። እንደገና ሞከረ። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ መጣ፦ መዝገቡ አጠራጣሪ ሆኖ ስለተገኘ ወደ ለይቶ ማቆያ ገብቷል። በዚያ ጭቅጭቅ መካከል የሁለቱም እጅ የነካካውን መዝገብ፣ አንደኛው እንደ ሌባ ቆጥሮ አስሮታል።

«እማማ፣ መዝገቡ ጠፋ» አለ ሽመክት ላብ እያጠመቀው።

«እኔ መዝገብ አላስቀመጥኩም። ያስቀመጥኩት ጥቁር ገብስ ነው።»

ሽመክት ወደ ክምሩ ዞሮ አየ። በጎተራው ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ጆንያ አለ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም አፉ የተሰፋ። ጥቁር ገብስ ያስቀመጠውም ገበሬ ብዙ ነው። ይህ የእኔ ነው፣ ያ የእኔ ነው ከተባለ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል።

«እንግዲህ ዘሬ ካልተገኘ መሬቴ ጦሙን ማደሩ ነው» አሉ እማማ አስካለ። አልጮሁም፣ አልተራገሙም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።  ሽመክት ግራ ከመጋባቱ የተነሳ «ሦስተኛ ጠባቂ ልጨምርበት ይሆን?» ብሎም አሰበ። ደግነቱ ሐሳቡን ከመፈጸሙ በፊት ከከተማ የኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠራ።

ጠጋኟ ፈትለወርቅ ትባላለች። ከጎተራው በር ስትደርስ ሙላት የተባለው ዘበኛ አስቆማት። ቦርሳዋን ከፍቶ መፍቻዎቿንና ሽቦዎቿን አንድ በአንድ አየና አሳለፋት። ጥቂት እንደተራመደች ሁለተኛው ዘበኛ ባዬ አጥሩን ዞሮ ሲመጣ ተገናኙ። ባዬ ግን «ሙላት አይቶሻል፣ ግቢ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ከዘበኞቹ ጎጆ ግድግዳ ላይ ጫፉ የሾለ ቀጭን የብረት ቱቦ ተሰቅሎ አየችና ልብ ብላ አለፈች።

ኮምፒውተሩን ከፍታ ብዙም ሳትቆይ ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ የዘበኞቹ ጎጆ ላይ የተሰቀለው ብረት ምንድን ነው?»

ሽመክት ጥያቄው አናደደው። «አሁን የብረት ጊዜ ነው? ከሌባ የተቀማ መውጊያ ነው። ጆንያውን ወግተው እህሉን በቱቦው ያፈሱታል። ዘበኞቹ የሌባን መሣሪያ እንዲለዩ ብዬ ነው የሰቀልኩት።»

«ባዬ ታዲያ ያንን ብረት አይቶ ሙላትን ሌባ ነው ብሎ ይዞት ያውቃል?»

«ምን ነካሽ ልጄ? ጓደኛው አይደል! ለምን እንደተሰቀለ ያውቃል።»

«እነዚህ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም» አለች ወደ ስክሪኑ እየጠቆመች። «ጸረ ቫይረስ ሁሉ የሌቦችን ምልክት ይዞ ነው የሚዞረው፤ ካልያዘ ሌባ አይለይም። አንደኛው የሌላውን ጓዳ ሲከፍት የሌባ ምልክት ሞልቶ ያገኛል። ሌባ ያዝኩ ብሎ ይነሳል። ያኛውም እንደዚሁ። መዝገብዎ በሁለቱ ጠብ መካከል ነው የተያዘው።»

ሽመክት ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አየ።

«አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎ። ሙላትንና ባዬን ሁለቱንም በር ላይ አቁመው፣ ገቢውን ሁሉ ሁለቱም ይፈትሹ፣ እርስ በርሳቸውም ይፈታተሹ ብለው ቢያዙ ምን ይሆናል?»

«ሰው ሲሰለፍ ይውላል። እነሱም ይደባደባሉ።»

«አዩ፣ ዘበኛ ማሰማራት ያውቁበታል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሆን ነው የጠፋብዎ።»

ሽመክት አንገቱን ደፋ። እውነት ነው፤ ሰውን ሲያሠራ የማይሳሳተውን ነገር፣ መሣሪያ ላይ ሲሆን ፍርሃት አስረስቶታል።

ፈትለወርቅ ከሁለቱ አንዱን መርጣ በር ላይ እንዲቆም፣ የሚገባውን ሁሉ እንዲያይ ተወችው። የሌላውን የዘወትር ጥበቃ አጠፋችና በየሰኞው ብቻ ተነስቶ ጓዳውን ዞሮ እንዲፈትሽ አዘዘችው። የአንዱን ስም በሌላው ዘንድ «ይለፍ» ተብሎ ከሚታወቀው ዝርዝር ውስጥ ጻፈች። ከዚያ ለይቶ ማቆያውን ከፈተችና መዝገቡ በእርግጥ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጣ ወደ ቦታው መለሰችው።

«አሁን ይክፈቱት» አለችው።

 እማማ አስካለ ከደጃፍ ተነስተው መጥተው ከኋላው ቆሙ። ሽመክት ጫነው። መዝገቡ ወዲያው ተከፈተ። ስሞቹ፣ ቁጥሮቹ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። አስካለ የሚለው ስም አጠገብ መቶ አሥራ ሰባት ይላል።

ሙላት መቶ አሥራ ሰባትን ከክምሩ መካከል አውጥቶ አመጣ። እማማ አስካለ የጆንያውን አንድ ጥግ ፈትተው እጃቸውን ከተቱ። ዘግነው አወጡና መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። አንዲት ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩ።

«እሱ ነው» አሉ። «ተመስገን፣ የእኔው ገብስ ነው።»

ሽመክት ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።  ደስ አለው፤ እንዲያውም ሊያለቅስ ትንሽ ነበር የቀረው። እማማ አስካለ ጆንያውን አህያቸው ላይ አስጭነው ሲወጡ ዞር ብለው «ልጄ፣ ከእንግዲህ እኔንም ጠይቀኝ፤ እኔም ቁጥሬን እይዛለሁ» አሉት። በዚያው ቀን ሽመክት የመዝገቡን ቅጂ በፍላሽ አስገለበጠና በማኅበሩ ሊቀ መንበር እጅ አስቀመጠ። ለእያንዳንዱ ገበሬም ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ሰጠ።

ማምሻውን በሩን በሁለት ቁልፍ ቆለፈ። ጠባዩ ነውና ይህን አልተወም። ጥቂት ሄደ፤ እንደ ልማዱ ቆመ፣ ወደ ኋላም አየ። ሙላት በር ላይ ቆሟል። ባዬ አጥሩን እየዞረ ነው። ሲተላለፉ ሙላት እጁን አነሳ፣ ባዬም አነሳ። ሽመክት ያንን አይቶ እጀታውን ሳይነቀንቅ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወዳጆቼ፣ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረት ውሸት አይደለም። ግን መድኃኒትም ቢሆን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቢውጡት ይጥላል። ኮምፒውተራችን ላይ ሁለት ጠባቂ ማኖር ይቻላል፤ አንዱ በር ላይ ይቁም፣ ሌላው በቀኑ ይዙር፣ እርስ በርስም ይተዋወቁ። በቤታችንም እንዲሁ ነው። ለአንድ ልጅ የሚጨነቁ አባትና እናት፣ አንድ ሥራ የተሰጣቸው ሁለት አለቆች፣ አንድን ጠብ ሊያበርዱ የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ለመልካም ነው የቆሙት። ሥራቸውን ካልተከፋፈሉና ካልተማመኑ ግን እርስ በርስ ሲፈታተሹ፣ የሚታሰረው ሊጠብቁት የቆሙለት ነገር ነው፤ ዘሩም ዝናቡ ያልፈዋል።

በእናንተ በር ላይ የቆሙት ሁለቱ፣ ሲተላለፉ እጃቸውን ያነሳሉ? ወይስ ቦርሳ ይፈታተሻሉ?