ሐሙስ ነበር ወይስ ጁሙዓ

ስሟ ዛሬ ከሰው አፍ በጠፋ በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸህ ቡሽራ የሚባሉ ቁርኣን አስቀሪ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ደረሳው ሲቀራ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ አንዲት ፊደል ከተዛነፈች «መልስ!» ይላሉ። አርባ ዓመት ጆሯቸው ስህተት ሲለቅም ኖረ። ጣጣው ይህ ጆሮ ቤታቸውም ገብቶ አለማረፉ ነው።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት ሲመለሱ ባለቤታቸውን ሉባባን ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኟት።

«ወንድሜ ዘንድ ልሄድ ነው፤ ይፍቱኝ» አለች።

ሸሁ ክው አሉ። «ምን አጠፋሁ?»

«ያን ጁሙዓ ወባ ሲያንቀጠቅጠኝ ጥለውኝ ሰው ሊያስታርቁ ሄዱ...»

«ሐሙስ ነው» አሉ ሸሁ።

ቋጠሮዋን አነሳች። «ይኸው፤ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው።»

እናንተ ባሎች አትሳቁ! ሚስቱ ስትናገር መልሱን በሆዱ የማያሰናዳ ማን አለ? ሴቶቹም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም።

ሸሁ ልባቸው አልረጋ አለ። ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፤ በር ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ቀኑ በእርግጥም ሐሙስ ነበር፤ ቢምሉም አይዋሹም። ግን ከሄደች እንደማትመለስ ያውቃሉና ፈሩ። «እንደገና ንገሪኝ፤ አላቋርጥሽም» አሏትና መፋቂያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ነከሱ።

ነገረቻቸው። ያስታረቁበትን መንደር ስም ሳተች፤ መፋቂያው ቀጭ አለ። የሄዱበትን በቅሎ ፈረስ አለችው፤ ሸሁን ላብ አጠመቃቸው። «ውሃ የሚያቀብለኝ አጥቼ ስምዎን ጠራሁ» ስትል ግን የሚያርሙት ነገር አጡ።

መፋቂያውን ተፉ። «ጠርተሽኛል፤ አልነበርኩም። አጥፍቻለሁ፤ አውፍ በይኝ» አሉ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ።

«መግሪብ ደርሷል፤ እንስገድ» አለች። ቋጠሮውን የፈታችው በማግሥቱ ነው።

ይህን የሰማ ጎረቤት ቆይቶ ጠየቃቸው፦ «ሸኻችን፣ ቀኑ ሐሙስ ከሆነ ለምን ዝም አሉ?»

«ቀኑን አስተካክዬ ሚስቴን ልሸኝ ነበር» አሉት።

ወገኖቼ፣ ሸሁ ውሸት አልተቀበሉም፤ ሐሙስ ሐሙስ ነው። ሉባባ ግን የመጣችው ስለ ቀን ልትከራከር አልነበረም። በእኛስ ሰፈር ስንቱ ሐቁን ይዞ ባዶ ቤት ቀረ? አላህ ሐቅን ከእዝነት ጋር ይስጠን፤ ሐቁ ብቻውን ከመጣ እኔ በበኩሌ እፈራዋለሁ።