ሊያወርዱት የሰቀሉት ሰንደቅ

በገዛ እጁ የሠራውን ሥራ በወሬ ብዛት ሊያፈርስ የሚፍጨረጨር ሰው ሲያጋጥማቸው፣ ትልልቅ ሰዎች ፈገግ ብለው ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። አባባሏ ኖራለች፤ ያስወለዷት ሰው ግን ተረስተዋል። ሰውየው ፊታውራሪ ምንታምር ይባላሉ። ደግ ነበሩ፣ ጦር ሜዳ ላይም አይታሙም። አንድ ክፉ አመል ብቻ ነበረባቸው፤ ሌላ ሰው የጀመረውን ነገር እስኪጨርስ ቁጭ ብለው መስማት አይችሉም። ቄሱ ማዕድ ሊባርኩ «በስመ አብ» ሲሉ እሳቸው «አሜን» ብለው እጃቸውን ወደ ወጡ ይሰዱ ነበር።

ነገሩ የሆነው በዛምበራ ነው። ዛምበራ በአንዱ ዳር አውራ ዶሮ ሲጮህ በሌላው ዳር የተኛው ይነቃል የሚባልላት ትንሽ አገር ነበረች። የምትተዳደረው በባላባቷ በእመት የሻሽወርቅ ቢሆንም፣ በታላቁ ንጉሠ ነገሥት ጥላ ሥር ነበረች። እሷ በየዓመቱ ማር ትገብራለች፤ እሳቸው ደግሞ ማንም እንዳይነካት ይጠብቋታል። ጥበቃው ታዲያ አንዳንዴ ጉድ ያመጣ ነበር። በአንድ ዘመቻ የዛምበራ ሰዎች ንጉሡን ሊረዱ ቢወጡ፣ የንጉሡ የራሳቸው ደጀን ጦር «እነዚህ ደግሞ የማን ናቸው?» ብሎ እስኪበቃቸው ደበደባቸው። ወገባቸውን እያሻሹ የተመለሱት ዘማቾች «ከእንግዲህስ የምንታወቅበት ምልክት ያስፈልገናል» አሉ። እመት የሻሽወርቅም ሸማኔ አስጠርተው፣ በቢጫ ጨርቅ ላይ የንብ ቀፎ የተጠለፈበት ሰንደቅ ዓላማ አሠሩ።

ወሬው ቤተ መንግሥት የደረሰው ክንፍ አውጥቶ ነው። «ዛምበራ የራሷን ሰንደቅ ሰቀለች፤ ነገ ደግሞ ንጉሥ ታነግሣለች» ተባለ። ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጡ። «በእኔ ጥላ ሥር ያለ ሰው የራሱን ጥላ ምን ያደርግለታል?» አሉና ፊታውራሪ ምንታምርን አስጠሩ።

«ሂድ፤ ደም ሳታፈስ ሰንደቁን በሕዝብ ፊት አውርደህ አምጣልኝ። ይህን ካደረግህ ደጃዝማች ብዬሃለሁ፤ ከወንዝ ማዶ ያለውም አገር ያንተ ነው። ካልሆነልህ ግን ፊትህን እንዳላየው» አሏቸው።

ፊታውራሪ ይህችን ሹመት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመኟት ኖረዋል። እኩዮቻቸው ሁሉ ደጃዝማች ተብለዋል። ግብር ላይ ከእነሱ ዝቅ ብለው በተቀመጡ ቁጥር ጮማው ከጉሮሯቸው አልወርድ ይላቸው ነበር። ስለዚህ ትእዛዙ እንደ ደረሳቸው በቅሏቸውን አስጭነው፣ ወታደሮቻቸውንና አዋጅ ነጋሪያቸውን ባይለየኝን አስከትለው ወደ ዛምበራ ገሠገሡ።

የደረሱት በገበያ ቀን ነበር። አደባባዩ መካከል ረዥም ምሰሶ ቆሟል። ጫፉ ላይ ግን አንዲት ወፍ ተቀምጣለች እንጂ ሌላ ምንም የለም።

«ሰንደቁ የታለ?» አሉ ፊታውራሪ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ።

«እንኳን ደኅና መጡ፣ ፊታውራሪ» አሉ እመት የሻሽወርቅ እጅ ነሥተው። «ይውረዱና እህል ይቅመሱ። ሰንደቁ የትም አይሄድም፤ ሙዳይ ውስጥ ነው። ገና መች ተሰቀለና። በእኛ አገር እኮ አዲስ ነገር ሲሆን…»

«የአገራችሁን ወግ አውቀዋለሁ፣ እሜቴ።»

አያውቁትም ነበር። በዛምበራ አዲስ ነገር የሚጀመረው በእንግዳ እጅ ነው። ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ የመጀመሪያውን እሳት የሚያነደው እንግዳ ነው፤ ከአዲስ ቀፎ የመጀመሪያውን ማር የሚቆርጠውም እንግዳ ነው። ያገር ሰው የጀመረው ይጓጎላል፣ እንግዳ የጀመረው ይሰምራል ብለው ያምናሉ። ለሰንደቅ ደግሞ መንገደኛ ሁሉ አይሆንምና፣ የከበረ እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ቢጫው ጨርቅ ታጥፎ ይጠብቅ ነበር።

ባይለየኝ ወደ ጌታው ጠጋ ብሎ «ካልተሰቀለማ ነገሩ ቀለለ፤ ከነሙዳዩ ይዘን እንሂድ» አለ በሹክሹክታ።

ፊታውራሪ አሰቡበት። ወዲያው አዝማሪ ሁሉ ማሲንቆውን እየገዘገዘ «ምንታምር ከአሮጊት ሙዳይ ጨርቅ ሰርቆ መጣ» እያለ ሲያንጎራጉር ታያቸው። ደግሞስ ንጉሡ ያሉት አውርደህ አምጣ ነው እንጂ አጥፈህ አምጣ መች ነው? «ያልተሰቀለ አይወርድም» አሉ። «መጀመሪያ ይሰቀልና ከዚያ ይወርዳል። በሉ ስቀሉት!»

ከዛምበራ ሰው አንድም የተነቃነቀ የለም። «እኛማ እንዴት አድርገን እንሰቅለዋለን፣ ጌታዬ» አለ አንድ ንብ አርቢ አንገቱን እየደፋ። «ነውር ነው።»

«አያችኋቸው? ፈሩ» አሉ ፊታውራሪ ወደ ወታደሮቻቸው ዞረው። ደስ አላቸው። «እንግዲያው እኔው እሰቅለዋለሁ፣ እኔው አወርደዋለሁ።»

«ፊታውራሪ፣ እርስዎ ከሰቀሉት እኮ…» ብለው ጀመሩ እመት የሻሽወርቅ።

«ይበቃል፣ እሜቴ፤ ገብቶኛል።»

አሁን የቀራቸው አዋጁ ነው። ሰንደቁን አውርደው ፊታቸውን ሲያዞሩ የዛምበራ ሰዎች መልሰው እንዳይሰቅሉት፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብለው ባይለየኝን «ለፍፍ» አሉት።

«ካወረዱት በኋላ ብለፍፍ አይሻልም ወይ፣ ጌታዬ?»

«በኋላማ ምሳ ነው።»

ባይለየኝ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ፊታውራሪ በጆሮው የነገሩትን ቃል ሳያጓድል ለፈፈ። «ስማ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ዛሬ ፊታውራሪ ምንታምር በዚህ ምሰሶ ላይ በእጃቸው የሚሠሩት ሥራ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የጸና ነው። ያንን ያፈረሰ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እጁ ይቆረጣል!»

ገበያተኛው ሁሉ ዞረ። አህያ ይጭኑ የነበሩ የጨው ነጋዴዎች ሳይቀሩ ቀና ብለው አዩ። ፊታውራሪ ቢጫውን ጨርቅ ከሙዳዩ አውጥተው በምሰሶው ጠፍር አሰሩና ወደ ላይ ሳቡት። ወፊቱ በረረች። ነፋስ ሲያገኘው ጨርቁ ተዘረጋ፤ የንብ ቀፎውም ቁልጭ ብሎ ታየ።

ያን ጊዜ እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ የፊታውራሪን ጉልበት ይስማሉ፣ ሽማግሌዎቹ «እጅዎ ይባረክ» ይላሉ፤ ንብ አርቢውማ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ፊታውራሪ ምርቃት የሚጠሉ ሰው አልነበሩምና ለጥቂት ጊዜ ፂማቸውን እየነኩ ተቀበሉ። ኋላ ግን ነገሩ ከነከናቸው።

«ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚደሰቱት?»

«ለምን አንደሰትም፣ ጌታዬ» አለ ንብ አርቢው። «ለሰንደቃችን የከበረ እንግዳ ስንጠብቅ ነበር። አሁንማ በእጅዎ ተጀመረልን፤ በንጉሡም ስም ጸና። ማን ይነካብናል?»

የጨው ነጋዴዎቹ «ንጉሠ ነገሥቱ ለዛምበራ ሰንደቅ ሰቀሉላት» እየተባባሉ አህዮቻቸውን መንዳት ጀምረው ነበር፤ ከፊሉ ወደ ቆላ፣ ከፊሉ ወደ ደጋ። ፊታውራሪ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አውርደው!» አሉ ወደ አንዱ ወታደር።

ወታደሩ እጁን ገልበጥ አድርጎ አየና ከጀርባው ደበቀው። ፊታውራሪ ተሳድበው ጠፍሩን ራሳቸው ያዙት። ባይለየኝ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ጌታዬ፣ አዋጁ ማንም ይሁን ማን ይላል። እንዲያ በል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። በንጉሥ ስም የወጣ አዋጅ ደግሞ ንጉሥ ካልሻረው አይሻርም።»

ፊታውራሪ ጠፍሩን ለቀቁት። ደጃዝማችነታቸው ዓይናቸው እያየ ከእጃቸው ስትወጣ ተሰማቸው፤ እውነትም አንጀት የሚበላ ነገር ነበር።

«ልነግርዎ ነበር እኮ» አሉ እመት የሻሽወርቅ እያዘኑላቸው። «ሳልጨርስ አቋረጡኝ እንጂ።»

እጅ ቢከለከል አፍ አለና፣ ፊታውራሪ ድንጋዩ ላይ ወጡ። «ሕዝብ ሆይ፣ ይህ ሰንደቅ ወርዷል!» አሉ። ሕዝቡ ሁሉ አንጋጦ አየ። ሰንደቁ ከራሳቸው በላይ ይውለበለባል። «ለዓይናችሁ የተሰቀለ ይመስላል እንጂ ወርዷል። የሰቀልሁት ላወርደው ብዬ ነው። ሐሳቤ ማውረድ ከሆነ ዘንድ እንደ ወረደ ይቆጠራል።»

«እንዲያ ከሆነማ እኔም በርበሬዬን ሸጬ ጨርሻለሁ» አለች አንዲት ነጋዴ፣ ሙሉውን ጆንያ መታ መታ እያደረገች። አደባባዩ በሳቅ ፈነዳ።

ፊታውራሪ ተስፋ አልቆረጡም። በሕዝቡ መካከል አባ ሰንበቱ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እውነተኛነታቸው ከዛምበራ አልፎ ንጉሡ ዘንድ የሚታወቅ ሰው ናቸው። ፊታውራሪ ከድንጋዩ ወርደው የሽማግሌውን እጅ ያዙ።

«አባቴ፣ እርስዎ ሲሰቀል አላዩም።»

«አላየሁም፣ ፊታውራሪ።»

«አሁንም አያዩትም።»

«አላይም።»

«እንግዲያው በቅሎ ላይ አስቀምጬ ልውሰድዎና ንጉሡ ፊት ወርዷል ብለው ይመስክሩልኝ። በሐሰት መሰከሩ አያሰኝዎትም፤ እኔ ነገርኩዎት፣ እርስዎም ሰሙ። ሹመቴ በእርስዎ አፍ ላይ ነው ያለችው፤ አያሳፍሩኝ።»

ሹመቱስ ለሌላ ሰው ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም ወሬውን ከጨው ነጋዴዎች ሰምተው፣ በስማቸው የወጣን አዋጅ ከማፍረስ አንድ ቢጫ ጨርቅ መቻል ይሻላል አሉ። ይህ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ነው። ያን ቀን አባ ሰንበቱ ጆሯቸውን ወደ ላይ አዘንብለው፣ ጨርቁ በነፋስ ሲርገበገብ ለጥቂት ጊዜ አዳመጡና የፊታውራሪን እጅ መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ በእጅ የሰቀሉትን በአፍ አያወርዱትም» አሏቸው።