ፏፏቴውን ለዓለም ለማስተዋወቅ

የክልሉ ቱሪዝም ቢሮ እንደገና ተደራጀ ተባለ። ታፔላው ተለወጠ፣ ወንበር ተጨመረ፣ አቶ መኳንንትም ኃላፊ ሆኑ። ፏፏቴውን ለዓለም አስተዋውቃለሁ ብለው ወደ ቀበሌው ሲመጡ፣ መንገድ ተብዬው ላይ መኪናቸውን ማጥ ዋጣት። አንዲት ምላሰኛ ባልቴት በሬዎቿን ጠምዳ አስጎትታ አወጣችላቸው። እሳቸው ግን እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይሏት ጫማቸውን አስጠርገው ስብሰባ ገቡ።

«መዋቅሩን አስተካክለናል፤ የቀረን በጀት ነው» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ቱሪስት የማይመጣው ስለማያውቃችሁ ነው። ስለዚህ ለማስታወቂያ በየቤቱ አምስት መቶ ብር ታዋጣላችሁ። የልማት ፀር የሆነ ካለ አሁኑኑ ይነሳ!»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ባልቴቷ ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ እርስዎስ ያውቁናል?»

«እንዴታ! አብጠርጥሬ ነው የማውቃችሁ!»

«አብጠርጥረው የሚያውቁን እርስዎ እንኳ እዚህ የደረሱት በበሬ ተጎትተው ነው። እንግዲያው ማስታወቂያው ላይ ቱሪስቱ በሬውን ይዞ እንዲመጣ ይጻፉልን። የእኔዎቹን እንደሆነ ለእርስዎ መመለሻ አቆይቻቸዋለሁ።»