የሸረሪቷ ዥዋዥዌ

ተረቴን ልጀምር፣ እናንተም ጆሯችሁን አውሱኝ።

ድሮ አንዲት ሸረሪት ከኮከብ ኮከብ የሚያንሸራሽር ዥዋዥዌ እሠራለሁ ብላ ለአራዊቱ ሁሉ ቃል ገባች። ከሁሉም በላይ የጓጓችው ችኩሏ ጥንቸል ነበረች። ሸረሪቷ «ለመጪው በጋ ይደርሳል» ትላለች፤ በጋው መጥቶ ያልፋል፣ ዥዋዥዌው ግን የለም። በዚህ መሃል ጥንቸሏ ወልዳ ከበደች፣ ጆሮዋም ሸበተ።

አያ ዝንጀሮ «ዛሬም ትጠብቂያለሽ እንዴ?» እያለ ሲስቅባት አንድ ቀን ቁጣዋ ገነፈለና ሸረሪቷ ወደምትሠራበት ዛፍ ገሰገሰች።

«እትዬ ሸረሪት፣ ዕድሜያችንን ጨረሱት እኮ» አለቻት።

ሸረሪቷ ድሯን እየቋጠረች «ልጄ፣ አንዷን ኮከብ ብቻ ባሳያችሁ ቅር ይላችኋል ብዬ ነው። ሁሉንም ላሳያችሁ ስል ዘገየሁ። እስቲ እስካሁን በተሠራው ላይ ተቀመጪ» አለቻት።

ጥንቸሏ እየተነጫነጨች ተቀመጠች። ዥዋዥዌው ከዛፉ ጫፍ በላይ ይዟት ወጣ። ከዋክብቱ ገና ሩቅ ነበሩ፤ ነገር ግን የተወለደችበትን ሜዳ፣ ወንዙንና የሚሯሯጡ ልጆቿን ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ሆና አየች።

ስትመለስ አራዊቱ ከበቧት። «ተቆጣሻት?» አላት አያ ዝንጀሮ።

«ልቆጣት ነበር የሄድኩት፤ ረሳሁት» አለች።

አያ ዝንጀሮም ሌሎቹ እስኪበተኑ ጠበቀና፣ ዛፉ በየት በኩል እንደሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።