የጎፈር ጸጉር የያዘ መልእክተኛ

ከወንዙ ማዶ ባለው ደን ሕጉ አጭር ነበር። የአንበሳ ቃል ሲመጣ ይፈጸማል፤ አይጠየቅም። ቃሉን የሚያደርሰው መልእክተኛ ከጌታው ጎፈር ጥቂት ጸጉር ይይዛል። ጸጉሩን ያየ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የታዘዘውን ያደርጋል። አንድ ጊዜ ሚዳቋ፣ "በእርግጥ እሳቸው ናቸው ያሉት?" ብላ ጠየቀች። ያን ቀን አንድ ጆሮዋን አጣች። ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም፤ ደኑም ሰላም ነው ተባለ።

እንስሳቱ ለበጋ የሚሆናቸውን ሥር፣ ፍሬና ድርቆሽ በአንድ ዋሻ ያከማቻሉ። በሩን የምትጠብቀው ጃርት ናት። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን ከደጁ አጠገብ በቆፈረችው ጉድጓድ ታሳድጋለች። ወሬ አታበዛም።

አንድ ቀን በቀትር ቀበሮ እያለከለከ መጣ። የጎፈር ጸጉር ይዟል።

"እመት ጃርት፣ ቶሎ በይ! ዋሻው ውስጥ ምስጥ ገብቷል። ክፈትና እየው ብለውኛል ጌታችን።"

"በቀትር?" አለች ጃርት። አንበሳ በቀትር እንደሚተኛ ታውቃለች።

"ተቆጥተው ነው የተነሡት። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ወሬው ከወጣ ሕዝቡ ይሸበራል። ወይስ ልመለስና ጃርት ትጠይቃለች ልበላቸው?"

ጥያቄው ምላሷ ላይ ነበር። የሚዳቋ ጆሮ ትዝ አላትና ዋጠችው። የበሩን ድንጋይ ገፋች።

ድንጋዩ ፈቀቅ ብሎ በሩ እንደተከፈተ ሰባት ጅቦች ከጥሻው ወጡ። ጃርትን ገፍትረው ጣሏት፤ ከዳገቱም ትልቅ ቋጥኝ አንከባለው በተከፈተው በር አፍ ውስጥ ሰነቀሩት። አለቃቸው ላዩ ላይ ተቀመጠና ለአንበሳ መልእክት ላከ። "ያከማቻችሁት ቀለብ ደኅና ነው፤ አልነካነውም። በየሳምንቱ ሁለት ግልገል አምጡልን፣ እኛም በሳምንቱ አንድ ቀን እንከፍትላችኋለን።"

በጋው ገብቷል። ሣሩ ደርቋል። ጃርት ልጆቿን አሽሽታ በሸንጎው ሜዳ ዳር ሌላ ጉድጓድ ቆፍራላቸዋለች። እንስሳቱ እዚያው ሜዳ ላይ ለሸንጎ ተጠሩ።

"ማነው የከፈተው?" አለ አንበሳ።

"እኔ ነኝ" አለች ጃርት። "የጎፈርዎን ጸጉር አይቼ ከፈትኩ።"

"ሌባ የያዘው ጸጉር የእኔ ነው ትላለች!"

"የእርስዎ ነበር። አንገትዎን የሚያኩበት ግራር እሾህ ላይ በየቀኑ ይቀራል። ቀበሮ ለቀመው። ሁላችንም ስናልፍ እናየዋለን፤ ይነሣ የሚል ግን የለም። መናገሩ መጠየቅ እንዳይመስል ነዋ።"

ከኋላ አንዱ ሳቀ። አንበሳ ዞር ሲል የሁሉም አፍ ተዘግቶ ነበር።

አዋጅ ነጋሪው ዝንጀሮ ተነሣ። "ጌታዬ፣ ሕዝቡ ትምህርት ጎድሎት ነው። በየጠዋቱ ሁሉም ሦስት ጊዜ 'እጠነቀቃለሁ' ይበል።"

"ይባላል" አለ አንበሳ። "እስከዚያው ጅቦቹ የጠየቁት ይሰጣቸው። የዚህ ሳምንት ሁለቱ የጃርት ልጆች ይሁኑ። በሩን የከፈተች እሷ ናት።"

የጃርት እሾህ አንድ በአንድ ቆመ።

"ልጆቼን አልሰጥም" አለች። "እሺ፣ ጅቦቹ እነሱን በሉ እንበል። በሚቀጥለው ሳምንትስ? አጋዘን፣ ያንቺን ነው? ጦጢት፣ ያንቺን? ጠግቦ በቃኝ ያለ ጅብ ያየ ይንገረኝ። ቋጥኙን ማንሣት አንችልም፤ ከዋሻው ጀርባ ያለው ግን አፈር ነው። እኔ ጥፍር አለኝ። ፍልፈል ደግሞ ከእኔ ይበልጣል።"

"ዐሥር ቀን ብንቆፍር እንገባለን" አለ ፍልፈል ከመሬት ብቅ ብሎ።

"መክፈቴን አልክድም። ጥፋቴ ግን ሳልጠይቅ መክፈቴ ነው። ከእንግዲህ እዚያ በር ላይ ከተቀመጥኩ እጠይቃለሁ። ቀበሮንም፣ ዝንጀሮንም፣ እርስዎንም።"

"እኔን?"

"እርስዎን።"

"ጆሮሽ አሳስቦሽ ከሆነ፣" አለች ሚዳቋ፣ "በአንዱም በደንብ ይሰማል። እኔን እይኝ።"

አሁን የሳቁት ብዙ ነበሩ፤ አንበሳ ሲዞርም አፋቸውን አልዘጉም።

"ከርከሮ!" ብሎ ጮኸ። "ሂድና ልጆቿን አምጣ!"

ከርከሮ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ "እሺ ጌታዬ" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ወደ ጉድጓዱ አመራ። ጃርት ቀድማው ደርሳ ጀርባዋን አዙራ፣ እሾህዋን ዘርግታ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች። ከውስጥ የትንንሾቹ ትንፋሽ ይሰማል። ከርከሮ ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አንበሳ ዞረ።

"ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "ይህን ያዘዙት እርስዎ ለመሆንዎ በምን ልወቅ?"

አንበሳ መዳፉን ወደ ጎፈሩ ሰደደ፤ መልሶም አወረደው።

ከርከሮ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ሕዝቡም አልተበተነም። ሁሉም መልሱን ይጠብቁ ነበር።